የዛገውን ምጣድ አትጣሉት

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ የማውቃቸው ብዙ ሐበሻ ቤቶች ውስጥ አንድ ከባድ ጥቁር ምጣድ አለ። ጥቂት ቤት ምድጃው ላይ ነው። ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ብዙ ቤት ግን ላቫንዲኖው ሥር ካለው ቁም ሣጥን ጥግ ተወሽቆ ነው የማገኘው። ዝጓል። "እሱ እኮ ተበላሽቷል" ይሉኛል። "አጥበን አስቀመጥነው፣ ስናወጣው እንዲህ ሆኖ አገኘነው።"

አልተበላሸም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ይህንን ለማለት ነው። ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ወፍራም ብረት) ምጣድ በዝገት አይሞትም። ዝገቱ ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደህና ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትርፍ ጊዜ ካላችሁ ምጣዱ ይመለሳል። ደግሞ ለዚህ ሥራ እንግዶች አይደለንም። ምጣድ ሲሟሽ እያየን ያደግን ልጆች ነን።

እስቲ አስታውሱ። የእንጀራ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ አይጋገርበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። እሳት ይነድለታል፣ ሸክላው ቀስ ብሎ ይግላል። ከዚያ የተወቀጠ ጎመንዘር ይበተንበትና በጨርቅ ይታሻል። ጎመንዘሩ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ይበተናል። ቤቱ በጭስ ይታፈናል። ሸክላው ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ሥራው አይቆምም። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች መያዛቸው አይቀርም። እናቴ በዚህ አትበሳጭም ነበር። "ገና አልለመደም" ትልና ማሰሻዋን አንስታ ትቀጥላለች። ያ ምጣድ ከዚያ በኋላ ሳሙና አይነካውም። በየእንጀራው መሃል ይታሰሳል፣ በቃ።

ብረቱም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ዘይት በስሱ ተቀብቶ በኃይለኛ ሙቀት ሲቆይ አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይገናኛል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ኬሚስቶች ፖሊመር ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ዘይት አይደለም። ጣት አይቀባም፣ በውኃ አይለቅም። ብረቱን ከእርጥበት የሚከልል፣ እንቁላልም እንዳይዝ የሚያደርግ ስስ ጠንካራ ሽፋን ነው። የምጣዱ ጥቁረት ቆሻሻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ፈግፍገው ሊያነጡት ይሞክራሉ። ጥቁረቱ ግን ሀብቱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የዛገ ምጣድ ይዛችኋል እንበል።

መጀመሪያ ዝገቱን አንሱ። ሙቅ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ የድስት ሽቦ። እዚህ ላይ አትራሩለት። አሮጌው ሽፋን አብሮ ቢነሳም ግድ የለም፤ ለማንኛውም አዲስ ልታለብሱት ነው። የሚወርደው ቡናማ ውኃ እስኪጠራ ፈግፍጉ። ዝገቱ ግትር ከሆነ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ ዘፍዝፉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ እዩት። ሌሊቱን አታሳድሩት፤ ኮምጣጤ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል።

ከዚያ ወዲያውኑ አድርቁት። "ወዲያውኑ" የምለው በምክንያት ነው። ራቁቱን የቀረ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ መሆን ይጀምራል። በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ምድጃ ላይ ጥዳችሁ እርጥበቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ አሙቁት።

ሲሞቅ ዘይት ቀቡት። አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ውስጡን፣ ጀርባውን፣ እጀታውን፣ ሁሉንም። ቀጥሎ ያለው ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ ደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አንሱና የቀባችሁትን ዘይት መልሳችሁ ጥረጉት። ጭራሽ ዘይት ያልነካው እስኪመስላችሁ ድረስ። የቀረው በዓይን የማይታይ ስስ ዘይት ነው የሚፈለገው። ዘይት የበዛበት ምጣድ ኦቨን ውስጥ ይዝረከረካል፣ ሲወጣም እንደ ሙጫ እጅ ይይዛል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ምጣዳችሁ እንዲያ ሆኖ ከሆነ ዘይት ሳትጨምሩ አንድ ሰዓት መልሳችሁ አግሉት፤ ብዙ ጊዜ ይደርቃል።

ኦቨኑን 450 ወይም 500 ፋራናይት ላይ አድርጉት፤ በሴልሺየስ ከ230 እስከ 260 መሆኑ ነው። ምጣዱን ገልብጣችሁ አስገቡ። ከሥሩ ፎይል አንጥፉ። መስኮት ክፈቱ፣ ይጨሳልና። አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ኦቨኑን አጥፉና እዚያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። ይህንን ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገማችሁት ግራጫ የነበረው ብረት ሲጠቁር ታያላችሁ። ኦቨን የሌለው ሰው በከሰል ላይም ይችላል። እናቶቻችን የትኛው ኦቨን ነበራቸው?

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ኦቨኑ ራሱን የሚያጸዳበት ከፍተኛ ሙቀት አለ፤ ምጣዱን እዚያ ውስጥ ከተው የሚያቃጥሉ ሰዎች አሉ። ብረቱ ሊጣመም፣ አልፎም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለ ዘይቱ ብዙ ክርክር አለ። ከዓመታት በፊት ኢንተርኔት ላይ የተልባ ዘይት ገንኖ ነበር። ተልባ በሙቀት ቶሎ ይደርቃል፣ የሚሠራው ሽፋንም ጠንካራና አንጸባራቂ ነው። ግን ይሰባበራል። ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ምግብ ውስጥ ይገባል። ለተልባ ያለኝ ፍቅር ትልቅ ቢሆንም ለምጣድ አልመክረውም፤ በጥብጣችሁ ጠጡት። የአኩሪ አተር፣ የካኖላ፣ የሱፍ ዘይት በቂ ነው። የታወቀው የአሜሪካ ምጣድ ፋብሪካ ሎጅ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምጣዶቹን አሟሽቶ ሲሸጥ የሚጠቀመው የአኩሪ አተር ዘይት ነው።

እኔ የምወደው የኑግ ዘይት ነው። የኑግ ዘይት 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ የተባለው አሲድ ነው። በሙቀት በቀላሉ የሚያያዘው የዘይት ዓይነት ይኸኛው ነው። ስለዚህ ኑግ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሽታው ደግሞ እኔን አገር ቤት ይወስደኛል፤ ይህ ግን ለምጣዱ አይጠቅመውም፣ ለእኔ ነው። ንጥር ቅቤ አትሞክሩ። በቅመም የተነጠረ ስለሆነ ከኮረሪማውና ከአብሹ የቀረው ይቃጠላል፣ ይሸታል። ቅቤውን ለቃተኛ አስቀምጡት።

ዕለት ዕለት የሚደረገው እንክብካቤ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ምግቡ እንደወጣ፣ ምጣዱ ለብ ሲል፣ በሙቅ ውኃና በብሩሽ እጠቡት። የሳሙና ነገር ሰዎችን ያስፈራል። ድሮ ሳሙና ከኮስቲክ ሶዳ ይሠራ ስለነበር ሽፋኑን ይበላ ነበር። የዛሬው የዕቃ ሳሙና ያ ጉልበት የለውም። የተያያዘውን ሽፋን አይፈታውም፤ ላዩ ላይ የቀረውን ትርፍ ዘይት ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ዓሣ ጠብሳችሁ ከሆነ ያለ ስጋት በሳሙና እጠቡ። የያዘ ነገር ካለ ትንሽ ውኃ አፍሉበትና በእንጨት ማማሰያ ገፋ ገፋ አድርጉት። ወይም ደረቅ ጥሬ ጨው በትናችሁ በጨርቅ እሹት። ከዚያ እሳት ላይ አድርቁት፣ በጠብታ ዘይት አሰስ አድርጉት፣ አለቀ።

የሚጎዳው መዘፍዘፍ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም እንደዚሁ። በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ተቀምጦ አያይም። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ አንዷ አክስት ወይም አንዷ እህት እጅጌዋን ሰብስባ ላቫንዲኖው ጋ ትቆማለች። ለእናንተ አዝና፣ ምጣዱ በደንብ ይጽዳ ብላ፣ በሳሙና ውኃ ዘፍዝፋ ትሄዳለች። አትቆጧት። በማግሥቱ የሚታየው ዝገት ስስ ነው፤ በጨው ፈግፍጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አንዴ ዘይት ብታግሉበት ይመለሳል። የእሷ ደግነት ከምጣዱ ይበልጣል።

ምን ይሠራበታል? ከሁሉ በፊት ጥብስ። ካስት አይረን ሙቀትን ቶሎ አያሰራጭም፤ አልሙኒየም በዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን አይለቅም። ስለዚህ መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ አምስትም አሥርም ደቂቃ ታገሡት። ከዚያ ሥጋውን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ጣሉ። ምጣዱ አይቀዘቅዝም፣ ሥጋው ውኃ አይተፋም፣ ዙሪያው ይጠበሳል። ቃተኛ፣ ቂጣ ለጨጨብሳ፣ ቆሎ፣ አምባሻ፣ እነዚህ ሁሉ ያምሩበታል። ድፎ ዳቦን የሚያህል ነገር ደግሞ ክዳን ያለው ጎድጓዳው የካስት አይረን ድስት ውስጥ ሲጋገር ከላይም ከታችም ይበስላል።

የማይሆነው ኮምጣጣ ነገር ለረጅም ሰዓት ማንተክተክ ነው። ስልስ በቲማቲም፣ ወይን ጠጅ ያለበት አዋዜ፣ ሎሚ የበዛበት ወጥ። አሲዱ ሽፋኑን ያነሳዋል፣ ምግቡም ብረት ብረት ይላል። ጥብሱ ላይ ሁለት የቲማቲም ቁራጭ መጨረሻ ላይ ጣል ማድረግ ምንም አይደለም። ዶሮ ወጥ ግን ሌላ ድስት ይገባዋል።

ቡና ለብቻው አንድ ትንሽ ምጣድ ይፈልጋል። ሽንኩርትና ዓሣ የለመደ ምጣድ ላይ ቡና መቁላት ለቡናው አለማሰብ ነው። አገር ቤት የምናውቀው የቡና መቁያ ብረት ምጣድ ስስ ላሜራ ነው፤ እንደነ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ቀጥቅጠው የሚያወጡት ዓይነት። ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል። ካስት አይረን ግን ከእሳት ቢወርድም መቁላቱን አያቆምም። ቡናው ተቆልቶ እንግዳ ጭሱን እንዲያሸት ምጣዱን ይዛችሁ ስትዞሩ ፍሬው እዚያው እየጠቆረ ነው። ስለዚህ ከለመዳችሁት ቀለም ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውርዱት፣ አዙራችሁም ቶሎ ገልብጡት። እጀታውን በወፍራም ጨርቅ ያዙ፤ እሱም የምጣዱን ያህል ይግላል። ከተቆላ በኋላ ገለባውን ማራገፍና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ ውኃ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ የማያውቀው አንድ የራሳችን ታሪክ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ዶክተር አብዱልአዚዝ አዲሽና ባልደረቦቻቸው ትግራይ ውስጥ የሠሩት ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 407 ሕፃናት ነበሩበት። ለቤተሰቦቹ በዕጣ የብረት ወይም የአልሙኒየም ድስት ተሰጣቸው። ከ12 ወር በኋላ ምግባቸው በብረት ድስት ሲበስል የቆየው ልጆች የሄሞግሎቢን መጠን ከሌሎቹ የበለጠ ጨምሮ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ክኒን አልተሰጣቸውም። ድስታቸው ነው የተለወጠው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። የዓለም ሐኪሞች ስለ ብረት ድስትና ስለ ደም ማነስ ሲያነሱ የሚጠቅሱት ማስረጃ ከእኛ እናቶች ጓዳ የወጣ ነው። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በዚያው ጥናት በላቦራቶሪ ሲታይ፣ በጥራጥሬ ምግብ ላይ ሰውነት ሊወስደው የሚችለው ብረት በድስቱ ዓይነት አልተለየም። እናም ሽሮን በብረት ድስት ሠራሁ ብሎ ደም ይሞላልኛል ማለት አይቻልም። በደንብ የተሟሸ ምጣድም ከአዲሱ ያነሰ ብረት ነው የሚለቀው። ሰውነታቸው ውስጥ ብረት የሚከማችባቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ እነሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አሮጌ ምጣድ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ እደግፋችኋለሁ። ያርድ ሴልና ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በጥቂት ዶላር ድንቅ ነገር ይገኛል። ጀርባው ላይ ግሪስዎልድ፣ ኢሪ፣ ፔንሲልቬኒያ የሚል ካያችሁ አትለፉት። ከኦሃዮዋ ሲድኒ ከተማ የወጣው ዋግነርም እንደዚሁ። የእነዚህ የድሮ ምጣዶች ውስጣቸው ተሞርዶ የለሰለሰ ነው፤ ከዛሬዎቹም ይቀላሉ። ሎጅ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴነሲ ውስጥ፣ ሳውዝ ፒትስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩት፤ ደህና ምጣድ እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። ለስንጥቅ መድኃኒት የለውም። የእርሳስ (ሌድ የተባለው መርዘኛ ብረት) መመርመሪያም ይኑራችሁ። በድሮ ጊዜ አንዳንድ ሰው ለጥይትና ለዓሣ ማጥመጃ እርሳስ የሚያቀልጠው በእንደዚህ ያለ ምጣድ ነበር። እርሳስ የተገኘበትን ተዉት።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ይመጣል። እዚህ አገር ካስት አይረን ምጣድ ድሮ ብዙ ጊዜ የሚሟሸውና የሚጠበስበት በአሳማ ስብ ነበር። ያገለገለ ምጣድ ስትገዙ ያ ጥቁር ሽፋን ከምን እንደተሠራ አታውቁም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገኔ ይህ ያሳስበዋል፣ ቢያሳስበውም ልክ ነው። ከእምነት አንፃር ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚነግሯችሁ የየእምነቱ አባቶች አሉ። እኔ የብረቱን ነገር ልናገር። ያን ሽፋን እስከ መጨረሻው ማንሳት ይቻላል። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የኦቨን ማጽጃ ንፉበት፣ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ከቤት ውጭ ሥሩት፣ ልጆችና አልሙኒየም ዕቃ አጠገቡ አይኑሩ። ሶዳው የተያያዘውን ዘይት ይፈታዋል፣ ብረቱን ግን አይነካውም። ግራጫ ብረት እስኪታይ ድገሙት፣ በደንብ እጠቡት፣ ከዚያ ከላይ እንዳልኩት ከባዶ አሟሹት። ያ ምጣድ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

ጾምም አለ። ካስት አይረን በየቀኑ ስብ እየለመደ የሚሄድ ዕቃ ነው። የፍስኩን ምጣድ በሳሙና አጥቤ ሽንኩርት ላቁላላበት ማለት ለብዙ ጿሚ ቤት ልብ አይሞላም። የእኔ ምክር ሁለት ምጣድ ነው። አንዱ በአትክልት ዘይት የተሟሸ፣ ቅቤና ሥጋ ደርሶበት የማያውቅ። ሌላው ለፍስክ። ትንሹ 8 ኢንች ለጾሙ ይበቃል፣ ዋጋውም አይከብድም። ረቡዕና ዓርብ ስለሚወጣ አይዝግም።

የሚያስቸግረው የፍስኩ ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥራ ይፈታል። ቅበላው እንዳለፈ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት። እሳት ላይ ጥዳችሁ አጥንቱ ድረስ አድርቁት። ዘይት ቀቡና ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ላዩ ላይ የተረፈ ዘይት በሁለት ወር ውስጥ ይሸታል፣ ይጣበቃል። በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ጠቅልሉት። ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ ክዳንም አትግጠሙበት፤ እርጥበት ያፍናል። ላቫንዲኖው ሥር ሳይሆን ደረቅ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ለፋሲካ ስታወጡት መጀመሪያ አሽትቱት። ከሸተተ እንደገና በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጭስ እስኪል አግሉት። ካልሸተተ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጋችሁ ጥብሱን ጣሉበት።